የባሕር እቁብ

በመርካቶ የማይገኝ ነገር የለም ሲባል ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ይህንንም የሚጠራጠር ሰው ቢኖር ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተነሥቶ፣ በአንዋር መስጊድ በኩል አልፎ፣ ሸራ ተራን፣ ቆርቆሮ ተራን፣ ቅመም ተራንና ምን አለሽ ተራን ቢዞር፣ አባባሉ ከእውነት እምብዛም ያልራቀ መሆኑን በእግሩ ድካም ያረጋግጣል። ከፍጥረታት መካከል ከዚህ ገበያ እስከ ዛሬ ጎድሎ የሚኖር ነገር ቢኖር ባሕር ብቻ ነው። ጣልያን በአምስቱ ዓመት የወረራ ዘመን የአራዳን ገበያ ከጊዮርጊስ አጠገብ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወስዶ እዚህ ሲተክለው፣ ለጎዳናው ቀያሽ ለሱቁም ግንበኛ አላጣም፤ ባሕሩን ግን ከምጽዋ ቀድቶ ሊያመጣልን አልተቻለውም። ስለዚህም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጥን እኛ፣ የባሕርን ስም የምናነሣው የራሳችንን ቁመት ለመናገር ስንፈልግ ነው።

ባሕር ራሱ ባይመጣም ዕቃውን መላክ ግን አላቋረጠም። የምድርን ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚነግሩን፣ በአፋር በረሓ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የዳሎል ሜዳ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበረ፤ ባሕሩ መግቢያው ተዘግቶበት ከተለየ በኋላ የተረፈው ውሃ በፀሐይ ተንኖ ጨው ብቻ ቀረ። ያ ጨው በአፋሮች እጅ እየተፈለጠ፣ በግመል እየተጫነ ወደ ደጋ ሲወጣ፣ አሞሌ ተብሎ ከማርትሬዛ ብር ጎን ለጎን እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ ገንዘብ ሆኖ አገልግሎአል። እንግዲህ ባሕር ከአገራችን ሲለቅ ኪራዩን በጥሬ ገንዘብ ከፍሎ የወጣ ተከራይ ነው ብንል ያስኬዳል፤ በመርካቶ ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ተከራይ መታየቱን የሚመሰክር ሰው አላገኘሁም። በሕፃን አንገት፣ በአገልግልና በቆዳ ጌጥ ላይ የሚሰፋው ዛጎልም ከሕንድ ውቅያኖስ ተለቅሞ የመጣ ነው፤ ከምድር ቤት እስከ ፎቅ የተደረደረው ዕቃም ቢሆን፣ የአገሪቱን የገቢና የወጪ ንግድ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ያህል በሚያስተናግደው በጅቡቲ ወደብ በኩል፣ ድሮ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ በገባው ባቡር፣ ዛሬ ደግሞ አብዛኛው በከባድ መኪና ተጭኖ የደረሰ ነው። የመርካቶ ሰው የባሕርን ዕቃ አገላብጦ፣ ጠቅልሎ፣ መዝኖ ያውቃል፤ ከባለቤቱ ጋር ግን አይተዋወቅም።

ለመተዋወቅ ያነሣሣን በወዳጄ ሱቅ ግድግዳ ላይ በምስማር የተንጠለጠለ አንድ ካላንደር ነው። ወዳጄ ሸራ ተራ ውስጥ ሸራና ላስቲክ ይሸጣል፤ ሱቁ ቆሞ ለሚገበያይ እንጂ ተቀምጦ ለሚጫወት የተሠራ ባይሆንም፣ ከቀትር በኋላ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል በጥቅል ሸራዎች ላይ ተደላድለን፣ ሻይ እያስመጣን የምንጨዋወት ጎረቤቶች አለን። ካላንደሩን ያሳተመው አስመጪ በምን ምክንያት እንደ መረጠው ባይታወቅም፣ ከሐምሌና ከነሐሴ በላይ የታተመው ሥዕል አንድ ሩቅ የባሕር ዳርቻ ያሳያል፤ ውሃው ሰማያዊና አረንጓዴ፣ አሸዋው ነጭ፣ አንዲት የኮኮናት ዛፍ ወደ ውሃው አዘንብላ፣ የሰው ዘር ግን በአቅራቢያው የለም። ወዳጄ ወረቀት ባጣ ጊዜ ሁሉ በነጩ አሸዋ ላይ የስልክ ቁጥርና የሸራ ሜትር ዋጋ በእስክሪብቶ ይጽፍበት ስለ ነበር፣ ያ ማንም ያልረገጠው ዳርቻ በመርካቶ ሒሳብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረግጦ ነበር። ውጪ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣራ እየደበደበ፣ ተሸካሚው እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጭቃ ገብቶ «ዞር በሉ!» እያለ በሚያልፍበት ሰዓት ዓይናችንን ወደዚያ ሥዕል ማንሣት ልማድ ሆነብን፤ ልማዱም ምኞትን፣ ምኞቱም ክርክርን ወለደ።

ከመካከላችን ባሕርን በቅርብ ያዩት አንድ ሰው ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ኤንትሬ በሚባለው የፊያት ከባድ መኪና ከአሰብ ዕቃ ሲያመላልሱ የኖሩ፣ ዛሬ የመጋዘን ቁልፍ የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው። «ባሕር ማለት ወረፋ ነው» አሉን። መኪናቸውን ከመርከቡ ፊት ለፊት አቁመው ጭነት እስኪደርሳቸው በጥላ ሥር ሲጋደሙ፣ ሌሊቱንም በውሃ የተነከረ አንሶላ ተከናንበው ሲያድሩ፣ ውሃው ከእግራቸው ጥቂት እርምጃ ርቆ ይንቀሳቀስ እንደ ነበርና አንድ ቀን እንኳ ጣታቸውን ሊነክሩበት እንዳልቃጣቸው በኩራት ነገሩን። ሌላው ጎረቤታችን ደግሞ ከአባቱ የሰማውን አወራ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር የየአገሩ መርከብ ይሰለፍ እንደ ነበር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ጉርጉሱም በሚባለው ዳርቻ የአስመራ ሰው ከብርዱ ሸሽቶ ይወርድ እንደ ነበር፣ ከፊት ለፊቱም ቁጥራቸው ከመቶ የሚበልጥ፣ አብዛኞቹ ሰው የማይኖርባቸው፣ በጥንት ዘመን ሉል ይወጣባቸው የነበሩ የዳህላክ ደሴቶች እንደሚገኙ አስረዳን። ያ ዳርቻ ግን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የሌላ አገር ዳርቻ ሆኖአል፤ የእርሱም ጉዳይ በሸራ ላይ ተቀምጦ ሻይ በሚጠጣ ጉባኤ የሚወሰን ስላልሆነ በፍጥነት አለፍነው። ሦስተኛው ላንጋኖን ጠራ። በቀለ ሞላ ሆቴል የሠሩበት፣ አሸዋም ያለው፣ ያለ ስጋት የሚዋኙበት ሐይቅ መሆኑን ሁላችን መሰከርን፤ ሆኖም ውሃው ከታጠቡበት በኋላ እንደ ገና መታጠብ የሚያሰኝ ቡናማ ቀለም ስላለው ከካላንደሩ ጋር ሊመሳከር አልቻለም።

እኔ ክርክሩን ስሰማ ያስደነቀኝ፣ ሩቅና ባዶ የሆነን የውሃ ዳርቻ ለተድላ መመኘታችን ራሱ ነው። አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ስፍራ ያላወቁት ሆነው አይደለም፤ የጣናን ዳጋ እስጢፋኖስንና ክብራን ገብርኤልን፣ የዝዋይን ደብረ ጽዮንን ያቀኑ እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ከሰው ተለይቶ በደሴት መቀመጥ ለእነርሱ ብሕትውና ነበረ፤ ወደዚያ የሚሻገርም ሰው ቆሎና የጸሎት መጽሐፍ ይዞ ኃጢአቱን ሊያለቅስ እንጂ፣ መነጽር አድርጎ በጀርባው ሊንጋለል አልነበረም። ውሃ ውስጥ መግባትም ቢሆን ምክንያት ይፈልጋል፤ ወይ ለጥምቀት፣ ወይ ለጠበል፣ ወይም ሕፃናት ጳጉሜ 3 ቀን በሩፋኤል ዝናብ እንደሚያደርጉት ለበረከት ነው። ሰው የማይደክምበት፣ ዛፉ ያለ ገበሬ የሚያፈራበት፣ ሌባና ቀረጥ ሰብሳቢ የማይደርስበት አገር ከመጻሕፍት ውስጥ ቢፈለግ የሚገኘው ብሔረ ብፁዓን ነው፤ ወደዚያ ለመግባት ግን ዘመንን ሁሉ በጾምና በጸሎት መፈጸም ያስፈልጋል እንጂ የአውሮፕላን ቲኬት አይበቃም። ፈረንጅ ይህንኑ አገር ከጽድቁ ለይቶ በካላንደር ላይ አሳትሞ ሲልክልን፣ የእኛ ሰው ሊጸድቅ ነው ወይስ ሊዝናና የሚሄደው የሚለው ጥያቄ ሳይፈታ ቀረ።

መርካቶ ዕረፍትን ጨርሶ አያውቅም ማለቴ አይደለም። መስከረም ሲጠባ የጉራጌ ነጋዴ ለመስቀል ወደ አገር ቤት ሲወርድ፣ የስልጤውም ዓረፋ ሲደርስ ሲሄድ፣ መዝጊያው እየተዘጋ፣ ቁልፉ እየተቆለፈ፣ በሌላ ቀን በትከሻ የሚታለፍበት መንገድ መኪና የሚያዞሩበት አደባባይ ይሆናል። ይህ ዕረፍት ግን ከሰው ወደ ባዶ ስፍራ የሚሸሹበት ሳይሆን፣ ከሰው ወደ ባሰ ሰው የሚሄዱበት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ በዋጋ ሲጨቃጨቅ የከረመ ሰው እናቱ ቤት ገብቶ ከአክስቱ፣ ከአጎቱና ከመንደሩ ሽማግሌ ጋር በክትፎና በቡና ዙሪያ ያለ ዋጋ ይጨቃጨቃል፤ ድምፁ ዘግቶ ሲመለስም ጥሩ ዐረፍሁ ይላል። ማንም በሌለበት ዝም ብሎ መቀመጥን ከዕረፍት የሚቆጥር ሰው በእኛ ተራ ቢገኝ ቤተ ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱታል።

ያም ሆነ ይህ ምኞት ሲጠና በመርካቶ መድኃኒቱ እቁብ ነው። መኪናውም፣ ቤቱም፣ ሠርጉም በእቁብ ከተገኘ ባሕር የማይገኝበት ምክንያት የለም ተባለና የባሕር እቁብ ተቋቋመ። በተራው ሁሉ የተከበሩት ሐጂ ዳኛ ሆኑ፤ በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ድቁና ተቀብሎ የነበረ አንድ የመጻፊያ መሣሪያ ነጋዴም ጸሐፊ ሆነ። ጸሐፊው በመስመር በተሰመረ ደብተር ላይ በቁም ጽሕፈት ያሰፈረው ደንብ፣ ዕጣ የወጣለት ሰው በገንዘቡ ሩቅና ጸጥተኛ ወደ ሆነ የባሕር ዳርቻ ሄዶ ሥጋውን እንዲያሳርፍ፣ በዚያም ሳለ ንግድ የሚባል ነገር እንዳይነካ ያዝዛል።

የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት የብርድ ልብስ ነጋዴ ገንዘቡን እንደ ተቀበለ ጠፋ፤ በተጠየቀም ጊዜ «ገንዘቤ ባሕሩን ተሻግሮ ቻይና ደርሷል፤ እኔም ዕቃው ሲመጣ ልቀበለው ጅቡቲ እወርዳለሁ» ብሎ መለሰ። ሁለተኛው በእርግጥ ሄደ፤ የሄደው ግን ዱባይ ዴይራ ነበር፤ ባሕሩንም ከጅምላ መደብር መስኮት ቆሞ ማየቱን በመሐላ አረጋገጠ። ሐጂ በነገሩ አዝነው ደንቡ እንዲጠብቅ አዘዙ፤ ከዚያ ወዲህ ዕጣ የሚወጣለት ሰው ገንዘቡን የሚቀበለው ዋስ ጠርቶ፣ ማረፊያውንም አስቀድሞ አስመዝግቦ ሆነ። በዚህ በጠበቀው ደንብ መሠረት ሦስተኛው ዕጣ የደረሰው ለቅመም ተራው ወዳጃችን ነው። ወዴት እንደሚሄድ ሲጠየቅ ዛንዚባር አለ፤ አውሮፕላናችን ወደዚያ ስለሚበር መንገዱ እንደማያደክም በትሕትና አስረዳ፤ ከመካከላችንም አንድ ቅመም ነጋዴ በቅርንፉዱ የታወቀውን ደሴት ከዓለም ዳርቻ ሁሉ ለይቶ ስለ መረጠበት ምክንያት የጠየቀው አልነበረም።

ከዚህ በታች የምተርከውን ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ። ያረፈው ጥንታዊቷን የድንጋይ ከተማ አልፎ፣ ደሴቱን አቋርጦ፣ በምሥራቁ ዳርቻ ጣራው በኮኮናት ቅጠል በተከደነ ማረፊያ ነበር። ወሩ ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ የገባበት፣ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ መንፈስ የጀመረበት ወቅት ሲሆን፣ ካላንደሩ እንዳልዋሸን በዓይኑ አረጋገጠ፤ ውሃውም ያው፣ አሸዋውም ያው፣ ያዘነበለችውም ዛፍ ያችው ነበረች። ልብሱን አውልቆ ወደ ባሕሩ ሲቀርብ እንደ ለመደው አማተበና፣ እንጦጦ ጠበል ሲወርድበት እንደሚያደርገው አስቀድሞ «እሪ!» ብሎ ዘለለ። ባሕሩ ግን ለብ ያለ ስለ ነበረ ጩኸቱ ያለ ጉዳይ ወጥቶ ቀረ፤ የማረፊያው ሠራተኞችም አንዳች ነገር የነከሰው መስሎአቸው ሮጠው ደረሱ። ወዳጃችን ራሱን ካረጋጋ በኋላ ከውሃው በመዳፉ ጨልፎ ቀመሰና፣ ጥቂት ካሰላሰለ በኋላ የአፍዴራው ጨው እንደሚበልጥ ፈረደ።

ከዚያ በኋላ የቀረው ሥራ ማረፍ ነበር፤ ይህም ከተሸከመው ሁሉ ከበደው። ወሩ ጾመ ነቢያት ስለ ሆነ ሥጋ አይበላም፤ ሎብስተርና ስምንት እግር ያለው የባሕር ፍጥረት ቢያቀርቡለት ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ኦሪት አትቅመሱ ማለቷን አስታውሶ ተሳቀቀ፤ በኮኮናት ወተት በተቀቀለ ባቄላና በሩዝ ኖረ። አስተናጋጁ ባለፈ ቁጥር «ፖሌ ፖሌ» ይለዋል፤ ቀስ በል፣ አትቸኩል ማለት ነው። ምንም የማይሠራን ሰው አትቸኩል ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ወዳጃችን ሊገባው አልቻለም። በአጠገቡ በየጨርቅ ወንበሩ ተጋድመው መጽሐፍ የሚያነቡ ፈረንጆች ነበሩ፤ ጎረቤት ናቸውና ማልዶ እንደምን አደራችሁ ብሎ የልጆቻቸውን ጤና፣ የሥራቸውን ሁኔታ፣ የደመወዛቸውንም መጠን ቢጠይቃቸው፣ በማግስቱ ወንበራቸውን ራቅ አድርገው አገኛቸው። በተራው ከጠዋት እስከ ማታ በሰው ተከቦ የሚውል ሰው፣ ስሙን የሚጠራው ቢያጣ፣ ስሙን እንዳይረሳ ያህል ለራሱ ይጠራው እንደ ነበር አጫውቶናል።

እንዲህ ሲተክዝ በአንደኛው ማለዳ ባሕሩ ጠፋ። በዚያ ዳርቻ ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ እንደሚጎድል፣ ሲጎድልም ዓይን እስኪደክም ድረስ ወደ ኋላ እንደሚሸሽ ያስረዳው አልነበረምና፣ ትናንት የዋኘበት ስፍራ ደረቅ ምድር ሆኖ ሲያገኘው መጀመሪያ የታወሰው ሙሴ ነው፤ ቀጥሎ ግን ፈርዖን ታወሰው። ያ ንጉሥም እንዲሁ የደረቀ መንገድ አይቶ መግባቱን፣ ከነሠረገላውም አለመውጣቱን ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሮ ስለሚያውቅ፣ ከአሸዋው ጫፍ ንቅንቅ ላለማለት ወሰነ። ወዲያው ግን በራሳቸው ላይ ጆንያ፣ በእጃቸው ገመድና እንጨት የያዙ የመንደሩ ሴቶች እየተሳሳቁ ወደተገለጠው የባሕር ወለል ሲወርዱ አየ። ጆንያ ሲያይ ልቡ ተመለሰ፤ ጆንያ ባለበት ሁሉ የሰው ኑሮ አለና፣ ፈርዖንን ረስቶ ተከተላቸው።

ሴቶቹ የባሕር አረም ገበሬዎች ነበሩ። ችካል ተክለው፣ በችካሉ መካከል ገመድ ወጥረው፣ በገመዱ ላይ ቁራጭ ቁራጭ አረም በክር ያስራሉ፤ ውሃው ተመልሶ ሲሸፍነው ያድጋል፣ ሲጎድል ያጭዱታል፣ በመንደሩም ደጅ አድርቀው ለላኪ ይሸጡታል። ይህ ሥራ በደሴቱ የተስፋፋው ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ሲሆን፣ ከአረሙ የሚወጣው ማወፈሪያ በጥርስ ሳሙናና በአይስክሬም ውስጥ ይገባል። ይህን ሁሉ ወዳጃችን ያወቀው ከመጽሐፍ አይደለም፤ በመርካቶ ዐረብኛ፣ በጣቶቹና በኪሱ በማትለየው የሒሳብ ማሽን ጠይቆ ነው። ኪሎው ስንት ነው? የደረቀው ወይስ እርጥቡ? የሚረከበው ማነው? ሚዛኑ የማነው? ዱቤ ይሰጣል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ሲደርስ ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው ሳቁ፤ አንዲቱ አሮጊትም ስለ ሚዛኑ ለረጅም ጊዜ በልባቸው የያዙትን ክስ እጃቸውን እያወናጨፉ አሰሙት። ቋንቋው ባይገባውም ክሱ ገባው፤ ሰው በሚዛን የማያጉረመርምበት አገር የለምና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ጨርቅ ወንበሩ የሚመለሰው ለመኝታ ብቻ ሆነ፤ በአሮጊቷ ደጅ ሻይ ሲጠጣ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ሲያጠና፣ የሙላቱንና የጉድለቱን ሰዓት ከእነርሱ ሲማር ሰነበተ።

በሻዩ ውስጥ ቅርንፉድ ነበረ። አንድ ጊዜ ከተፋ፣ አንድ ጊዜ ካሸተተ በኋላ ወዳጃችን የቀረው ዕረፍቱ ምን እንደሚሆን ተገለጠለት። የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰይድ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ዙፋኑን ከመስቀጥ አንሥቶ ወደዚህ ደሴት እስከ ማዛወር ያደረሰው ንግድ፣ ይህን ዛፍ በዛንዚባርና በጎረቤቷ በፔምባ በሰፊው አስተከለ። ወዳጃችንም ከአሮጊቷ ዘመድ ጋር ወደ ውስጥ አገር ገብቶ፣ እንቡጡ ሳይፈነዳ ቀላ ሲል በእጅ እንደሚለቀም፣ ከዚያም በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ቡናማ እስኪሆን በፀሐይ እንደሚደርቅ በዓይኑ አየ። ከሰሌኑ አንድ ፍሬ አንሥቶ በጥፍሩ ጫነ፤ ዘይቱ ብቅ ሲል ዓይኑን ጨፈነ። ሃያ ዓመት በጆንያ ሲቀበለው፣ አቧራውን ሲያበጥር፣ ጭራሮውን ከእንቡጡ ሲለይ የኖረውን ዕቃ ዛፉ ሥር ሲያገኘው ምን ተሰምቶት እንደ ነበር ብንጠይቀው «የደንበኛዬን እናት እንዳገኘሁ ያህል አፈርሁ» አለን። አንድ ኩንታል ሊገዛ ግን አልተቻለውም፤ በዚያ አገር ቅርንፉድን ከገበሬው የሚገዛው የመንግሥቱ የንግድ ድርጅት ብቻ መሆኑን፣ በግል ማውጣት ኮንትሮባንድ መሆኑን ነገሩት። በእጁ የመጣው ለእንግዳ ከሚሸጥበት ሱቅ የገዛው አንድ ትንሽ ፓኬት ነው።

እንግዲህ ባዶ ዳርቻን የሚያደንቅ ሰው ምክንያት የለውም አልልም፤ በከተማው ጩኸት የደነቆረ ጆሮ ጸጥታን ቢሻ ተገቢ ነው። ነገር ግን እነዚያ በወንበራቸው የተጋደሙት እንግዶች ስፍራው ማንም ያልነካው ነው ብለው ሲመሰክሩ፣ ከፊታቸው ውሃው ሲጎድል በእጅና በገመድ የሚነካው የእነዚያ ሴቶች እርሻ ነበረ። ፎቶግራፍ አንሥተዋቸዋል፤ ስለ ሚዛኑ ግን የጠየቀ አልነበረም። በመርካቶ ዋጋ መጠየቅ ገንዘብ ከማውጣት አስቀድሞ ሰላምታ ነው፤ የማይገዛም ሰው ይጠይቃል፤ ሻጩም ስለ ዋጋው ሲያስረዳ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቀረጡ፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ በመጨረሻም ስለ ልጁ ትምህርት ሳያነሣ አያበቃም። ዋጋ ያልጠየቁትን ሰው ኑሮ ማወቅ ይቻል እንደ ሆነ አላውቅም፤ ቢያንስ በእኛ ተራ ሲቻል አላየሁም።

ወዳጃችን ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ ድምፁ ዘግቶ ነበር፤ ይህም በመስቀል ሰሞን የምናውቀው የመልካም ዕረፍት ምልክት ነው። ሆኖም ጨዋታው ሲሞቅ የተናገረው ሁሉ ተሰብስቦ ክስ ሆነበት፤ ለዕረፍት በተሰጠ ገንዘብ ነግዷል ተብሎ በእቁቡ ጉባኤ ፊት በጥቅል ሸራ ላይ እንዲቆም ተደረገ። የብርድ ልብሱ ነጋዴ፣ በእርሱ ምክንያት ደንቡ መጥበቁ ከልቡ ስላልወጣለት፣ ከሳሽነቱን በደስታ ተቀበለ። ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ ነገሩን እንደ ሊቃውንት ሥርዓት ሦስት ላይ ከፈለው፤ በደል በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር፣ ይኸውም በሐሳብ፣ በቃልና በሥራ ይፈጸማል፤ ተከሳሹ በገቢር አልነገደም፣ መንግሥት ከልክሎታልና፤ በነቢብ ግን ከማለዳ እስከ ማታ ዋጋ ሲጠይቅ ውሏል፤ በሐልዮማ ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ነግዷል፤ ስለዚህ በሁለቱ ይቀጣ ዘንድ ይገባል አለ።

ሐጂ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም «በእኛ ዘንድ ሰው በልቡ ክፉ ነገር አስቦ ሳይሠራው ቢቀር አይጻፍበትም፤ እናንተ የምትጽፉበት ከሆነ በደብተርህ ሳይሆን በራስህ ቤት ጻፈው» አሉ። ጸሐፊው የአበውን ትርጓሜ ጠቅሶ ሊከራከር ጀምሮ ነበር፤ ሐጂ ግን ሐልዮው ለየሃይማኖቱ ተትቶ እቁቡ የሚፈርደው በነቢብ ላይ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። ለነቢቡም መቀጫ ይሆን ዘንድ የመጣው የቅርንፉድ ፓኬት ለሱቁ ሻይ ገቢ እንዲሆን ተፈረደ። ተከሳሹ ፍርዱን በእልልታ ተቀበለ፤ ሻዩም ወዲያው ታዘዘ፤ እርሱ ግን ሻዩ እየተቀዳ ሳለ ፓኬቱ ከአገሩ ዋጋ በስንት እጥፍ እንደ ተሸጠለት ማስረዳቱን አላቋረጠም።

በዚያው ቀን የሚቀጥለው ዕጣ ወጣ፤ የደረሰውም ፊት ለፊት ፕላስቲክ ባልዲ፣ ሲባጎና የናይለን ገመድ ለሚሸጡት ለእትዬ ነው። ሁላችን ተነሥተን እንኳን ደስ አለዎት አልናቸው። እትዬ ግን ነገሩን ሁሉ ከሱቃቸው በረንዳ ሆነው ሲሰሙ ስለ ቆዩ፣ ደስታውን በጥቂቱ ተቀብለው ወደ ቅመም ነጋዴው ዞሩና፣ «እኔ የምልህ የኔ ልጅ፣ እነዚያ ሴቶች በባሕሩ ላይ የሚወጥሩትን ገመድ ከማን ነው የሚገዙት?» ብለው ጠየቁት። ጸሐፊው ብዕሩን ከደብተሩ በላይ አንጠልጥሎ ወደ ዳኛው ተመለከተ፤

«ሐጂ፣ ይህ ከሐልዮ ነው ወይስ ከነቢብ የሚገባው?»